ጎጆ የወጡት የቶሪሺማ ወፎች

በጥር 1841 ከጃፓን የቶሳ አውራጃ አምስት ሰዎች ዓሣ ሊያጠምዱ በአንዲት ትንሽ ጀልባ ወጡ። (በዚህ ትረካ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የአምስቱ ታናሽ ማንጂሮ ይባላል፤ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ማዕበል ተነሣና ጀልባዋን እየገፋ ከዳርቻው አራቃት፤ ብዙ ካንገላታቸው በኋላም ዙሪያዋ ገደል የሆነ ደሴት ላይ ጣላቸው። ሰው የለም፤ ምንጭ የለም። ወፍ ግን ነበረ፤ ነጭ፣ ግዙፍ፣ ሰው ሲጠጋው የማይሸሽ ወፍ። እሱን እየገደሉ ሥጋውን በሉ። ወራቱ ሲገፋ ወፎቹ ወደ ባሕር ሄዱ፤ ሰዎቹም ከድንጋይ ላይ ቀንድ አውጣና የባሕር ሣር እየለቀሙ ነፍሳቸውን አቆዩ። 143 ቀን ካለፈ በኋላ ጆን ሃውላንድ የሚባል፣ ዓሣ ነባሪ የሚያድን የአሜሪካ መርከብ በዚያ ሲያልፍ አነሣቸው። ማንጂሮ አሜሪካ ሄዶ ተማረ፤ አገሩ ተመልሶም ታላቅ አስተርጓሚ ሆነ። የእሱ ነገር ራሱን የቻለ መጽሐፍ ነው። እኛ ከወፉ ጋር እዚያው ደሴቲቱ ላይ እንቆይ።

ደሴቲቱ ቶሪሺማ ትባላለች። “ቶሪ” ወፍ፣ “ሺማ” ደሴት ነው፤ ስሟን ያገኘችው ከነዋሪዎቿ ነው። ከቶኪዮ በስተደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ኪሎ ሜትር እንኳ የማትሞላ፣ ከባሕር በላይ አናቱን ያወጣ እሳተ ገሞራ ናት። ከማንጂሮ በፊትም ባሕር የጣላቸውን ብዙ ሰዎች አኑራለች። ቾሄይ የሚባለው መርከበኛ በ1785 ተጥሎባት 12 ዓመት ኖሯል፤ የወፍ ሥጋ እየበላ፣ የላባ ልብስ እየለበሰ፣ በወፍ ዕንቁላል ቅርፊት የዝናብ ውኃ እያጠራቀመ። በመጨረሻም እንደ እሱ ተጥለው ከመጡ ሰዎች ጋር ባሕር ከተፋው እንጨት ጀልባ ሠርቶ ወጣ።

ወፉ ባለ አጭር ጅራት አልባትሮስ ነው። በሰሜን ፓስፊክ ከእሱ የሚገዝፍ የባሕር ወፍ የለም፤ ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት ሜትር ይበልጣል። ያደገው ወፍ ጀርባው ነጭ፣ ራሱ ወርቃማ፣ ምንቃሩ ሮዝ ሆኖ ጫፉ ሰማያዊ ነው። ክንፉን ሳያርገበግብ ነፋሱን እየተደገፈ እስከ አላስካ ዳርቻና እስከ ቤሪንግ ባሕር ይሄዳል። ምድር ላይ ግን ጎብጦ፣ እየተንገዳገደ ነው የሚራመደው፤ ለመነሣትም መንደርደር አለበት። ጃፓኖች በዚህ የተነሣ “አሆዶሪ” አሉት፤ የጅል ወፍ ማለት ነው። ስሙ ግፍ ነው እላለሁ። ድመት፣ አይጥና ሰው ባልነበሩበት ደሴት ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖረ ፍጥረት መሸሽን ከማን ይማር?

የሚቀጥለውን ሁሉ ለመረዳት የዚህን ወፍ አንድ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ ልጅ አድጎ ሲያገባና የራሱን ቤት ሲይዝ “ጎጆ ወጣ” ይባላል። አልባትሮስም ጎጆ ይወጣል፤ ግን ከእናት አባቱ ደጅ አይርቅም። ጫጩቱ ክንፉ ሲጠና ብቻውን ወደ ባሕር ይሄዳል። ሦስትና አራት ዓመት ምድር ሳይረግጥ በውቅያኖሱ ይዞራል፤ ከዚያ ወደተፈለፈለበት ተዳፋት ይመለስና የትዳር ጓደኛ ይፈልጋል። ምንቃር ለምንቃር እያጋጩ፣ አንገት ወደ ሰማይ እየቀሰሩ ይጨፍራሉ። ዕንቁላል መጣል የሚጀምሩት ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው፤ እሱም በዓመት አንድ ብቻ ነው፤ ከጠፋ የዚያ ዓመት ነገር አለቀ። ከመካከላቸው አንዳንዱ ወጣት ግን ያልተወለደበትን ደሴት ይጎበኛል። ቢጎበኝም ባዶ ስፍራ ላይ አያርፍም፤ የራሱ ዓይነት ወፍ ተቀምጦ፣ ሲጮህና ሲጨፍር ያየበት ላይ ነው የሚያርፈው። አዲስ ሰፈር እንዲመሠረት ሰፈሩ አስቀድሞ የተመሠረተ መምሰል አለበት።

በ1887 ታማኦኪ ሃንኤሞን የሚባል ሰው ሠራተኞቹን ይዞ ቶሪሺማ ላይ ወረደ። የወፉ ላባ ለፍራሽና ለትራስ መሙያ ወደ ውጭ አገር በጥሩ ዋጋ ይሸጥ ነበር። መሣሪያው ዱላ ነው። ዕንቁላሉን የታቀፈ ወፍ አይነሣም፤ ሠራተኞቹ እየተራመዱ አናት አናቱን ይመቱ ነበር፤ አንድ ሰው በቀን 100 እና 200 ይገድላል። ለላባው መጫኛ ትንሽ ሐዲድ ተዘረጋ፣ መንደር ተቆረቆረ። በ15 ዓመት ውስጥ የተገደሉት ወፎች አምስት ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ታማኦኪ ባለጸጋ ሆነ፤ በ1900 ሚናሚ ዳይቶ ወደምትባል ሌላ ደሴት ሰፋሪ ልኮ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ከፈተ።

በነሐሴ 1902 እሳተ ገሞራው ፈነዳ። በደሴቲቱ ላይ የነበሩት 125 ሰዎች አንድም ሳይቀር አለቁ። አልባትሮሶቹ በነሐሴ ምድር ላይ አይገኙም፤ በጥቅምት ተመልሰው ዕንቁላል እስኪጥሉ ድረስ ሰሜን ባሕር ላይ ናቸው። ስለዚህ እሳቱ ገዳዮቹን ገደለ፣ ወፎቹን አልነካም። ይህን የሰማ ሰው የእግዚአብሔር ፍርድ ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ከሟቾቹ አብዛኞቹ የቀን ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ፤ ታማኦኪ እዚያ አልነበረም።

ከዚያም በኋላ ሰው ተመልሶ ሰፈረ፤ ግድያውም ቀጠለ። የጃፓን መንግሥት በ1933 ደሴቲቱን አደን የተከለከለባት ስፍራ አደረጋት። ክልከላው እንደሚመጣ የሰሙት ሰፋሪዎች ሕጉ ሳይደርስባቸው ቀድመው ያገኙትን ፈጁ። በ1939 እሳቱ እንደገና ተነሥቶ የመራቢያውን ስፍራ ትልቁን ክፍል ቀበረው። ወፉ ድሮ ይራባባቸው የነበሩት የቦኒን፣ የዳይቶ፣ የሴንካኩና የታይዋን ደሴቶችም በተመሳሳይ መንገድ ባዶ ሆነው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1949፣ አሜሪካዊው የወፍ ሊቅ ኦሊቨር ኦስቲን በአካባቢው በጀልባ እየዞሩ ፈለጉ። አንድም አላዩም፤ ወፉ ከምድር ጠፍቷል ብለው ጻፉ።

ሊቁ አልዋሹም፤ ያላዩት ሌላ ነገር ነበር። ዱላውና እሳቱ ያገኙት ደሴቲቱ ላይ የነበረውን ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ጥቂት ወጣቶች ገና ምድር ሳይረግጡ በውቅያኖሱ ላይ እየዞሩ ነበር። ወፉን ከጥፋት ያተረፈው ይህ የወጣትነት ዙረት ነው። በጥር 1951 የደሴቲቱ የአየር ሁኔታ መመልከቻ ጣቢያ ሠራተኛ ያማሞቶ፣ ጹባሜዛኪ በተባለው ገደላማ ተዳፋት ላይ አሥር ያህል አልባትሮሶች ተቀምጠው አዩ። ጣቢያው የተሠራው ለአውሎ ነፋስ ክትትል እንጂ ለወፍ አልነበረም፤ ሠራተኞቹ ግን ከዚያ በኋላ ወፍ ጠባቂም ሆኑ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ዕንቁላልና ጫጩት ታየ።

በ1965 የመሬት መንቀጥቀጡ ስለበዛ ጣቢያው ተዘጋ። ቶሪሺማ ያለ ሰው ቀረች፤ ወፎቹም ያለ ቆጣሪ። በ1973 እንግሊዛዊው ላንስ ቲክል በአገራቸው የባሕር ኃይል መርከብ ሄደው ጎበኟቸው፤ በኋላም ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ያዩትን ሲናገሩ አንድ ወጣት ተመራማሪ ይሰሙ ነበር። ሂሮሺ ሀሰጋዋ ይባላሉ። የራሳችንን ወፍ የባዕድ አገር ሰው መጥቶ ቆጠረልን የሚል እፍረት ሳይሰማቸው አልቀረም። በ1976 ጉዞ ጀመሩ፤ በ1977 ደሴቲቱን ረገጡ። ያገኙት ጫጩት 15 ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ዘመን በእኔ ግምት የታሪኩ ልብ ነው፤ ምንም እንኳ የሚተረክ ድርጊት ባይበዛበትም። ሀሰጋዋ በየዓመቱ ጀልባ ይለምናሉ፤ ባሕሩ ሲፈቅድ ይወርዳሉ፤ ይቆጥራሉ፤ የጫጩቶቹ እግር ላይ ቀለበት ያስራሉ፤ ይመለሳሉ። ዕንቁላል በብዛት የሚጠፋበትን ምክንያት ያወቁት እንዲህ እየተመላለሱ ነው። ጹባሜዛኪ ቁልቁለት ነው፤ አፈሩም የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ሣሩ ሲሳሳ አመዱ ይንሸራተታል፤ ዕንቁላሉም ይንከባለላል። የተረፈው ወፍ እዚያ የተጠለለው ስፍራው ስለሚመች ሳይሆን ሰው ሊደርስበት ስላልቻለ ነው። በ1981 እና በ1982 ረጃጅም ሣር ከሌላ ስፍራ እየተነቀለ ተዳፋቱ ላይ ተተከለ፤ የሚፈለፈለው ጫጩትም በረከተ። በ1987 ግን ዝናብ ከላይ ያለውን አፈር ናደውና ጎርፍ በሰፈሩ መካከል አለፈ።

ያን ጊዜ ሐሳቡ ተለወጠ። ሰፈሩን ከመጠገን ይልቅ ሰፈሩን ማዛወር። ከደሴቲቱ ማዶ፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ሃጹኔዛኪ የሚባል ሣር የለበሰ ረጋ ያለ ሜዳ አለ። ናዳ አይደርስበትም፤ ለመነሣትም ነፋሱ ምቹ ነው። አንድም አልባትሮስ ግን አልነበረበትም፤ ስለሌለበትም አይሄድበትም። ችግሩ ይኼው ነው።

መፍትሔው ከሌላ ውቅያኖስ መጣ። በአሜሪካ ሜይን ግዛት ስቲቨን ክሬስ በአደን ጠፍተው የነበሩትን ፓፊን የተባሉ ትናንሽ የባሕር ወፎች ኢስተርን ኤግ ሮክ ወደምትባል ደሴት ለመመለስ ከ1973 ጀምሮ ከካናዳ ጫጩት እያመጡ ያሳድጉ ነበር። ያደጉት ወፎች ሲመለሱ ደሴቲቱ ባዶ ሆና እንዳትታያቸው ከእንጨት የተጠረቡ ፓፊኖች ድንጋዩ ላይ አቆሙ። በ1981 እውነተኞቹ ጎጆ ያዙ። ያማሺና የሚባለው የጃፓን የወፍ ምርምር ተቋምም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ቀለም የተቀባ አስመሳይ አልባትሮስ ሃጹኔዛኪ ላይ ደረደረ፤ ቆሞ የሚጨፍር፣ ተቀምጦ የሚታቀፍ። በመካከላቸው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ተተከለ፤ ከጹባሜዛኪ የተቀዳው የሰፈር ጫጫታ ቀኑን ሙሉ ይሰማ ጀመር።

ወጣቶቹ እያንዣበቡ አዩ፤ አንዳንዶቹ ወረዱ፤ ለአስመሳዩ ወፍ ጨፈሩለት። አስመሳዩ መልስ አይሰጥም። ይህ ብልሃት ምን ያህል ጭካኔ እንዳለበት ለማወቅ ኒው ዚላንድን ማየት ይበቃል፤ ማና ደሴት ላይ ጋኔት በሚባል የባሕር ወፍ አምሳል የተሠሩ 80 የሲሚንቶ ወፎች ተደርድረው ሳለ ናይጄል የተባለ አንድ እውነተኛ ጋኔት መጥቶ ለአንዷ ጎጆ ሠራላት፤ በ2018 አጠገቧ ሞቶ ተገኘ። እሱ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሌሎች ሦስት ጋኔቶች ደርሰው ነበር።

ሃጹኔዛኪ ላይ በ1995 መኸር አንድ ጥንድ ዕንቁላል ጣለ፤ በ1996 ጫጩቱ በረረ። ደስታው ግን ቶሎ ቀዘቀዘ። ሁለተኛ ጥንድ አልመጣም። በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም ያው አንድ ጥንድ ብቻ። ፕላስቲክ ታቅፎ ዘጠኝ ዓመት መጠበቅ ቀላል አይደለም፤ ብዙ ፕሮጀክት በሦስት ዓመቱ ሪፖርት ተጽፎበት ይዘጋል። በ2004 ጥንዶቹ አራት ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በዓመት በዓመት እየዘለለ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ አስመሳዮቹ ተነሡ። እውነተኛው ጫጫታ የራሱን እንግዳ ይጠራ ነበርና።

ነገር ግን ጹባሜዛኪም ሃጹኔዛኪም ያው የአንድ እሳተ ገሞራ ሁለት ትከሻዎች ናቸው። በነሐሴ 2002 ተራራው እንደገና ጢስና አመድ ተፍቶ ነበር። ፍንዳታው በሚያዝያ ቢሆን ኖሮስ? በሚያዝያ ተዳፋቱ መብረር በማይችሉ ጫጩቶች የተሞላ ነው። ስለዚህ የጃፓንና የአሜሪካ ባለሙያዎች እሳት የሌላትን ደሴት መረጡ። ሙኮጂማ ከቶሪሺማ በስተደቡብ 350 ኪሎ ሜትር ርቃ በኦጋሳዋራ ደሴቶች መካከል ትገኛለች፤ አልባትሮስ ድሮ ይራባባት ነበር።

እዚህ ላይ አስመሳይ ወፍ ብቻ እንዳይበቃ ተፈራ፤ ርቀቱ ብዙ ነው። ጫጩት የትውልድ ስፍራውን በልቡ የሚይዘው ከአንድ ወር ዕድሜ በኋላ እንደሆነ ተገምቶ፣ ከዚያ በፊት ማዛወር ታሰበ። በመጀመሪያ በቅርብ ዘመዶቹ ላይ ተሞከረ። ከዚያ በየካቲት 2008 አሥር ጫጩቶች ሳጥን ውስጥ ገብተው በሄሊኮፕተር ተጓዙ። ሰዎች ድንኳን ተክለው እየኖሩ ዓሣና ስኩዊድ እየፈጩ በእጃቸው አጎረሷቸው፤ እስከ ግንቦትም አሳደጓቸው። በቀሩት አራት ዓመታት 15፣ 15 እየሆኑ እስከ 2012 ድረስ በጠቅላላው 70 ጫጩቶች ተጓዙ። 69ኙ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደ ባሕር ሄዱ። በዱር፣ በእናት አባቱ እጅ የሚያድገው እንኳ እንዲህ አይሳካለትም።

ቀጥሎ ያለው ሥራ መጠበቅ ብቻ ነበር። በ2011 ከመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች አንዱ ሙኮጂማ ላይ ታየ።

በዚያው ዓመት ማንም ያላዛወረው ሌላ ጥንድ ነገሩን ከሰዎቹ ቀደመ። ከቶሪሺማ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል በስተምሥራቅ ሚድዌይ የሚባሉ የአሜሪካ ደሴቶች አሉ፤ በሌሎች የአልባትሮስ ዓይነቶች የተሞሉ። ባለ አጭር ጅራቱ ግን አልፎ አልፎ አንድ ሁለት እየሆነ እንጂ በርከት ብሎ አይመጣም፤ ወንድ ሲገኝ ሴት የለም፣ ሴት ስትገኝ ወንድ የለም። እዚያም አስመሳይ ወፎች ቆመው ነበር። በ2010 መጨረሻ ሁለቱም ቶሪሺማ ላይ የተፈለፈሉ፣ የእግር ቀለበት ያላቸው ወንድና ሴት ተገናኙ። በጥር 2011 ጫጩት ተፈለፈለ። በመጋቢት ጃፓንን የመታው ሱናሚ ውቅያኖሱን አቋርጦ ሚድዌይ ደረሰና ከ100,000 በላይ የሌሎች አልባትሮሶች ጫጩቶችን ገደለ። ይህችን አንዲት ጫጩት ውኃው ከጎጆዋ ወስዶ ጣላት፤ ሠራተኞች በሕይወት አገኟትና መለሷት። በሰኔ በረረች። ቀለበት ያሰሩላቸው ሰዎች ባይኖሩ እናትና አባቷ ከየት እንደመጡ ማንም አያውቅም ነበር።

ሙኮጂማ ላይ በ2012 ዕንቁላል ታየ፤ አልተፈለፈለም። በተከታዮቹ ዓመታትም እንዲሁ። በ2016 ጫጩት ተፈለፈለ፤ በግንቦት ወደ ባሕር ሄደ። አሥር ጫጩቶች ሳጥን ውስጥ ከተጓዙበት ቀን ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር።

በ2018 የሀሰጋዋ ስሌት ከ5,000 ወፍ አለፈ። ከ15 ጫጩት ተነሥተው እዚህ የደረሱት እኒህ ሰው የመስክ ጉዟቸውን በዚህ አበቁ። አሆዶሪ የሚለው ስም እንዲቀርም ሲሟገቱ ኖረዋል። እሳቸው የሚሉት “ኦኪኖታዩ” ነው፤ የሰፊው ባሕር ባለማዕረግ እንደማለት።

በ2020 ደግሞ የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲና የያማሺና ተቋም ተመራማሪዎች አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይፋ አደረጉ። በሴንካኩ ደሴቶች ላይ በ1971 የተገኘ ሌላ ትንሽ ሰፈር አለ፤ ደሴቶቹ የይገባኛል ክርክር ስላለባቸው ተመራማሪ እንደልቡ አይሄድባቸውም። የሴንካኩው ወፍ ከቶሪሺማው በዘርም በአካልም እንደሚለይ፣ እንዲያውም ራሱን የቻለ ዝርያ ሊባል እንደሚገባው አሳዩ። ቶሪሺማ ላይ ከሚታዩት ቀለበት አልባ ወፎች መካከል ከዚያ የመጡ አሉ፤ እነሱም በአብዛኛው የሚጋቡት እርስ በርሳቸው ነው። አንድ ሰፈር የመሰለን ሁለት ሕዝብ ነበር ማለት ነው።

የሴንካኩዎቹ እስከ ዛሬ በደንብ አልተቆጠሩም። የቶሪሺማዎቹ በየጥቅምቱ ይመለሳሉ፤ ከዓለም ባለ አጭር ጅራት አልባትሮሶች አብዛኞቹ ዛሬም ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት በእሳተ ገሞራው ላይ ነው። በ1902፣ በ1939 እና በ2002 የፈነዳው ሦስቱንም ጊዜ በነሐሴ ነበር።